ይደገም

በኮሪደሩ መጨረሻ ካለችው ክፍል በር ላይ ቆሞ ጆሮውን የጣለ ሰው፣ ውስጥ ያሉት ልጆች ለየላቸው ቢል አይፈረድበትም። አንዱ ይነሳና ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት ነው ይላል። አሥራ ሦስት ልጅ ያጨበጭብለታል። ከዚያ ሁሉም ባንድ አፍ “ይደገም!” ይላሉ፤ ዘፋኝ መድረክ ያወጡ ይመስል። ተሳሳቹ እጅ ነስቶ ይቀመጣል፣ ጣቶቹን ይቆጥራል፣ እንደገና ይነሳል። ሃምሳ ስድስት ሲል ማንም አያጨበጭብም። ትክክል መሆን ለእነዚያ ልጆች እንደ መተንፈስ ነው፤ ለመተንፈስ ደግሞ ማን ያጨበጭባል።

ይህን የተገላቢጦሽ ሥርዓት ያወጣችው ሹክታ የምትባል ሴት ናት። ስሙን እናት አባቷ አላወጡላትም፣ ሙያዋ ነው ያወጣላት። ልጆች ከማስተማሯ በፊት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ቲያትር ቤት አስታዋሽ ነበረች፤ ከግራው መጋረጃ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጽሑፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ቃል የጠፋበትን ተዋናይ ሹክ የምትል። ቀላል የሚመስለው ካለ ይሞክረው። ድምፅ ከፍ ካለ ሦስተኛው ረድፍ ይስቃል፤ ዝቅ ካለ ንጉሡ ዙፋኑ ላይ አፉን ከፍቶ ይቀራል። እሷ ልኩን ታውቅ ነበር። ተዋናዩ ዝም ሲል በሆዷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትላለች። ከሦስት በፊት ትንፋሽ እየወሰደ ሊሆን ይችላል፤ ከሦስት ካለፈ ተመልካቹ ይነቃል። ባሏ እዚያው አዳራሽ የመብራት ሠራተኛ ነበር። “በጨለማ ነው የመረጥኳት፤ ሲበራም አልተቆጨሁ” እያለ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይቀልድባታል።

አዳራሹ ለእድሳት ተብሎ ሲዘጋ ሁለቱም ሜዳ ላይ ቀሩ። ባልየው ቤት ለቤት እየዞረ ኤሌክትሪክ መጠገን ጀመረ። እሷ በአንድ ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች፤ ጠዋት ጠመኔ ታድላለች፣ ከሰዓት የተሰበረ ወንበር ትቀበላለች።

ማስተማሩ የመጣው በቅጣት በኩል ነው። አስተማሪዎቹ ያስቸገራቸውን ልጅ “ሂድ እዚያ ግምጃ ቤት ቁጭ በል” እያሉ ይልኩባት ነበር። የሚላኩት ግን ሰነፎቹ አልነበሩም። ጥያቄው ሳያልቅ የሚመልሱት፣ አስተማሪውን የሚያርሙት፣ ሥራቸውን በአምስት ደቂቃ ጨርሰው የወንበር ብሎን የሚፈቱት ነበሩ። ሰው ፈጣን ልጅ ሲባል የታደለ ፍጡር ይመስለዋል። ሹክታ ያየችው ሌላ ነው። አንዱ ከመቶ ዘጠና ሰባት አገኘሁ ብሎ የፈተና ወረቀቱን አኝኮ ውጦታል። አንዷ እርግጠኛ ያልሆነችበት ጥያቄ ሲመጣ ሽንት ቤት ልሂድ ትላለች፣ በቀን ስድስት ጊዜ። ይህን በሽታ ሹክታ ከመድረክ ታውቀዋለች። ሰነፍ ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋው አፉ እንዳመጣለት ዘባርቆ ያልፋል፤ ድርቅ ብሎ የሚቀረው ጎበዙ ነው።

ስለዚህ ከዕቃው መሀል አንድ እግሯ የሚወላገድ ወንበር ጎትታ አወጣችና ጨዋታ ጀመረች። ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ልጅ ራሱ መሆኑ ይቀራል፤ ዝናብ ይሆናል፣ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ የጠፋ ቁልፍ ይሆናል፤ ሌሎቹ በጥያቄ ያፋጥጡታል። አንድ ቀን ዜሮን ከሰሷት። ክሱ፣ ምንም ሳትሆን ከቁጥሮች ጋር ተሰልፋ ተገኝታለች የሚል ነበር። ጠበቃዋ አሥርን በምስክርነት ጠራ። አሥር ተነስቶ፣ እሷ ከጎኔ ባትቆም አንድ ሆኜ እቀር ነበር ሲል ዳኛዋን እንባ ተናነቃት፣ ዜሮም በነፃ ተለቀቀች። ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው የያኔው ርእሰ መምህር በሳምንቱ ክፍል ሰጣት። መምህርት የሚል ደብዳቤ ግን አልሰጣትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሞኝነት ነው የሚል ይኖራል። ደስ ብሏት ነበር፣ ደስ ያለው ሰው ደግሞ ደብዳቤ አይጠይቅም።

በዚያ ክፍል እርስዎ መባባል የለም። ዳኛዋም፣ ዜሮዋም፣ ሹክታም አንቺ ናቸው። ለስህተት ጭብጨባና ይደገም አለ። ለውሸት ግን ምንም የለም፤ አውቆ የዋሸውን ልጅ ሌሎቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያዩታል፣ በቃ። ከዚያ ዝምታ ዱላ ይሻላል ይላሉ ልጆቹ።

ይደገም የሚለውን ቃል ከየት አመጣሽው ሲሏት ከቲያትር ቤት ነው ትላለች። እውነት ነው፣ ሙሉ ግን አይደለም። ሹክታ በልጅነቷ አራተኛ ክፍልን ወድቃ ደግማለች። ያን ዓመት ሙሉ ስሟ ደጋሚ ነበር፤ በሰልፍ ላይ ደጋሚ፣ በጨዋታ ሜዳ ደጋሚ፣ እቤት ሳህን ከእጇ ሲያመልጥ ደጋሚ። አድጋ ያንኑ ያቆሰላትን ቃል አጥባና ተኩሳ ልጆቹን አለበሰቻቸው። ይህን ባሏ እንኳን አያውቅም። በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።

ያቺ ሰው ምስጢሩን ስትሰማ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ ብቻውን የሚያሳድጋት፣ መዝገበ ቃላትን እንደ ተረት የምታነብ፣ እቤቷ እንደ ጉድ የምታወራ፣ ትምህርት ቤት ግን ከገባች ስድስት ወር አንዲት ቃል ያልወጣት ልጅ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በዚህች ልጅ አፍ አየርም የሚገባ አይመስልም ነበር። ሹክታ ዝምታዬ ትላታለች። አንድ ከሰዓት የጠመኔ ካርቶን ላይ አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ በዚያ በአስታዋሽ ድምጿ፣ እኔ አራተኛ ክፍል ደግሜያለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሪ አለቻት። ልጅቱ አየቻት፣ አየቻት፣ ከዚያ አፏን ከፈተች።

“አንቺ?”

“እኔ።”

“እሺ፤ አልናገርም።”

መናገር የጀመረችው እንግዲህ አልናገርም ብላ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። ሹክታ ልጅ አልወለደችም፤ ዝምታዬ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ እነሱ ቤት ነበር የምትሄደው። የምታነብበትን መብራት ባልየው ሦስት ጊዜ ጠግኖላታል። ስትመረቅ በሁለቱ መሀል ቆማ የተነሳችው ፎቶ ሳሎናቸው ውስጥ ከሰዓቱ ሥር ተሰቅሏል። ሹክታዬ ነበር የምትላት፣ አንቺ እያለች፤ እንደ እናት።

አምና ዝምታዬ ከትምህርት ቢሮ ባለሙያ ሆና እዚያው ትምህርት ቤት ተመለሰች። የፈጣን ልጆቹን ክፍል ታጠናለች ተባለ። ሁለት ወር ከኋላ ተቀምጣ ስትጽፍ ሹክታን ያያት ሰው ልጇን የዳረች ነው የሚመስለው፤ ላገኘችው ሁሉ “ያቺ የኔ ልጅ ናት” ትላለች። የአሥራ ስምንት ዓመት ጨዋታዎቿን የጻፈችባቸውን ሦስት ደብተሮችም አውጥታ ሰጠቻት። የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ መስመር፣ ፈጣን ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው መሳሳትን ነው፣ ይላል።

ባሏ ኮፒ አስቀርተሽ ነው የሰጠሻት ብሎ ጠየቃት። ከልጄ ላይ ኮፒ ላስቀር አለችው። “ያመኑት ፈረስ…” ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ፣ “ይኼ አምፖል ተቃጥሏል መሰለኝ” ብሎ ወንበር ላይ ወጣ። አምፖሉ ደህና ነበር።

በሦስተኛው ወር ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራት። ይህ የያኔው አይደለም፣ አዲሱ ነው፤ ማስቲካ እያኘከ የሚያነብ ሰውዬ። ዝምታዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብድግ አለችና “እንደምን ዋሉ?” አለቻት።

ሹክታ ከኋላዋ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ዞር አለች።

ሰውዬው አነበበ። ለፈጣን ተማሪዎች የተውኔት ዘዴ መመሪያ ተዘጋጅቷል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው የባለሙያዋ ስም ነው። ሦስቱ ደብተሮች “ልዩ ልዩ ምንጮች” ተብለዋል። ቀጥሎ ሪፖርቱ መጣ። “ክፍሉን በልምድ የያዙት ሠራተኛ የማስተማር ሥልጠና የሌላቸው ከመሆኑም በላይ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸው ደጋሚ እንደነበሩ በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል።” ማስቲካው ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። በራሳቸው አንደበት። ይህስ ልክ ነው፤ በራሷ አንደበት ነው የነገረቻት፣ የጠመኔ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ የደረቀ አፍ ለማስከፈት።

የቀረውን ሰውዬው በትህትና አስረዳት። በወሩ መጨረሻ ባለሙያዋ መመሪያውን በእንግዶች ፊት ታቀርባለች፣ ልጆቹም ጨዋታዎቹን ያሳያሉ። እንግዶቹ ከወደዱት ክፍሉ ዲግሪ ላለው መምህር ይሰጣል፣ ሹክታ ወደ ግምጃ ቤቷ ትመለሳለች። ካልወደዱት ሁሉም እንደነበረ ይቆያል። ልጆቹ ግን ለሌላ ሰው ስለማይታዘዙ እሷው አዘጋጅታ ይዛቸው ትምጣ። መቃብርሽን ራስሽ ቆፍሪ ማለት ሲያጥር ይኸው ነው።

መመሪያውን ኮሪደር ላይ ቆማ ገለጠችው። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ፣ ይደገም የሚለው ቃል “ትክክለኛ መልስ ለሰጠ ተማሪ የሚቀርብ ማበረታቻ” ሆኖ ተጽፏል። ስሟ መቅረቱ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን ሆዷ ውስጥ ገባ። ዝምታዬ ከቢሮው ስትወጣ ጠበቀቻት።

“ይቺን እንኳን ታውቂያታለሽ” አለቻት ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ።

“ቢሮው ነው ያስተካከለው። ለስህተት ማጨብጨብ አይገባቸውም። እኔም አለቃ አለብኝ።”

“ደጋሚ መሆኔንስ?”

“ሪፖርት መረጃ ይፈልጋል። እርስዎን ለመጉዳት አይደለም።”

ሹክታ መመሪያውን ዘጋችው። “አንቺ እያልሽ ስደቢኝ” አለች። “እሱ ይሻለኛል።”

ዝምታዬ ፊቷን አዙራ ሄደች። የጫማዋ ድምፅ ኮሪደሩን ጨርሶ እስኪታጠፍ ሹክታ ቆማ ሰማች። እቤቷ ስትደርስ ፎቶውን አላወረደችውም፤ አወርዳለሁ ብላ ተነስታ፣ ሰዓቱን ሞልታ ተቀመጠች። ባሏ እምቢ በይ፣ ልጆቹን አትውሰጂ አላት። በማያውቁት ሰው እጅ ወጥተው መድረክ ላይ ይድረቁ እንዴ አለችው። ያጎረሰችበትን እጅ መነከሷን እሱም አልደገመላትም፤ ጥርሱ ያረፈበት ቦታ ይታያል።

አራት ሳምንት ከልጆቹ ጋር ተለማመዱ። ገጽ አሥራ ሁለትን ስትነግራቸው ለምኒቱ እጇን አወጣች። ለምኒቱ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለምን ሳትል የምታልፈው ነገር ስለሌለ ክፍሉ በሙሉ ተስማምቶ ያወጣላት ስም ነው። ልክ ለሆነ ሰው ለምን ይጨበጨባል አለች። ለአንድ ቀን ብቻ ነው አለቻት ሹክታ። ለምን ለአንድ ቀን አለች ለምኒቱ። ሹክታ ደወሉ ሳይደወል ክፍሉን በተነችው።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ያው የጥንቱ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈጀው እድሳት የወንበሮቹን ቀለም ለውጦ ተከፍቷል። ሹክታ አሥራ አራቱን ልጆች ይዛ ከግራው መጋረጃ ጀርባ ስትገባ፣ በርጩማዋ የነበረበት ቦታ ላይ አንድ ባልዲ ተቀምጦ አገኘች። ባልዲውን ገለበጠችና ተቀመጠችበት። እግሯ ራሱ ቦታውን አወቀው።

ፊት ያለው ረድፍ በእንግዶች ተሞልቷል፤ የቢሮው ኃላፊ መሀል ላይ ነው። ዝምታዬ ወጣች። ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ መድረኩ ጫፍ ተጠጋች፤ በቃሉ የሚናገር ሰው የገዛ ሐሳቡን የሚናገር ይመስላልና። እንግዶቹን አመሰገነች። ስለ ብዙ ዓመት ጥናቷ ተናገረች። ድምጿ ጥሩ ነበር፤ ከሆድ እንድታወጣው ያስተማረቻት ማን ሆነና።

“ፈጣን ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው…” አለችና ቆመች።

አንድ።

ሹክታ ቀና አለች። ትንፋሽ መውሰድ ነው።

ሁለት። ትንፋሽ አይደለም። ትከሻዋ ወጥቷል፣ ከንፈሯ ተጣብቋል። ሹክታ ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ጠመኔ የሸተተው ክፍል ውስጥ ስድስት ወር ሙሉ አይታዋለች።

ሦስት። ዝምታዬ ዓይኗን ከእንግዶቹ ነቅላ ወደ ግራው መጋረጃ ዞረች፣ አገኘቻትም። ከዚያ ከእንደምን ዋሉ ወዲህ በቀጥታ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗ እርስዎ አላላትም። ዓይኗ አንቺ አላት፣ ሹክታዬ አላት።

በመሀላቸው አራት እርምጃ አለ። ቃሉ አንድ ነው፤ በሹክታ እጅ የተጻፈ፣ በመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለ። ምላሷ ላይ መጥቶ ተቀምጧል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ነፍጋ አታውቅም፤ ለሰካራሙ ተዋናይ ሰጥታለች፣ ስሟን ለማያውቀው ሰጥታለች፣ ከመጋረጃው ሲወጣ ለገፈተራት ሰጥታለች። አፏ ተከፈተ። ከዚያ ክፍሏ ትዝ አላት፣ በራሳቸው አንደበት የሚለው ትዝ አላት፣ እና አፏን ዘጋችው።

አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አዳራሹ ውስጥ ሰው ማሳል ጀመረ። ርእሰ መምህሩ ማኘኩን አቆመ። ሹክታ ደስ አላት። ይህ አይደበቅም፤ ለዚያች አፍታ ከልቧ፣ ከነክፋቱ ደስ አላት።

ሰባት ላይ አጠገቧ ጭብጨባ ተሰማ። ለምኒቱ ናት። ከመጋረጃው አልፋ መድረኩ ላይ ወጥታለች፤ ሁለት ትናንሽ እጆቿን እያማታች፣ “ይደገም!” አለች። ሌሎቹም ተከትለዋት ወጡ። ማንም አላዘዛቸውም። አንድ ሰው ተሳስቷል፣ ሰው ሲሳሳት ደግሞ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ፤ ገጽ አሥራ ሁለትን በዚያች ሰዓት ያስታወሰ የለም። አሥራ አራት ልጅ ባንድ አፍ ይደገም አለ።

እንግዶቹ ሳቁ። ጨዋታው የተጀመረ መሰላቸው። ኃላፊው ራሱ “ይደገም!” ብሎ አጨበጨበ፣ ረድፉ ተከተለው። ዝምታዬ ልጆቹን አየች። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። በዘጠኝ ዓመቷ እንደተማረችው እጅ ነሳች፣ ትንፋሿን ሳበች።

“ፈጣን ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው” አለች፣ “መሳሳትን ነው።”

አዳራሹ ተናወጠ። ስለ መሳሳት ለማስተማር ተሳስታ አሳየች፣ ምን ዓይነት ብልሃት ነው ተባለ። ኃላፊው ቆሞ አጨበጨበ፤ ገጽ አሥራ ሁለትም ልጆቹ እንዳሳዩት ሆኖ ይታረም ብሎ እዚያው አዘዘ። ሹክታ ወር ሙሉ የተቃጠለችበት ነገር በአንድ ቃል ተስተካከለ። መመሪያው አለፈ። ክፍሏም አብሮ ሄደ።

ዝምታዬ እንግዶቹ ከበዋት ስትወጣ በመጋረጃው በኩል አለፈች። ቆም አለች። ሹክታ ጠበቀች፤ ምን እንደምትጠብቅ ራሷም አታውቅም።

“ልጆቹን በጥሩ ሁኔታ አዘጋጅተዋቸዋል” አለቻት። “እናመሰግናለን።”

ለሁለቱ ሴቶች ብቻ የሚገባ ነገር ነው፤ የሰማው ሰው ምስጋና ይለዋል። ሹክታ ባልዲውን ገልብጣ ወደ ቦታው መለሰችው።

የአሥራ ሦስቱ ልጆች ወላጆች መጥተው ወሰዷቸው። የለምኒቱ እናት ስለዘገየች ሁለቱ አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቋት። ልጅቱ እግሯን እያወዛወዘች መንገዱን ታይ ነበር።

“ቃሉን ታውቂው ነበር አይደል?” አለች በመጨረሻ።

“የቱን?”

“መሳሳትን ነው የሚለውን። ያንቺ ደብተር ላይ አለ። አፍሽንም ከፍተሽ ነበር፣ አይቼሻለሁ። ለምን አልነገርሻትም?”

ሹክታ አስፋልቱን አየች። እውነቱን ብትናገር ልጅቱ ይገባት ነበር፤ ምናልባትም ከትልልቆቹ ይልቅ ይገባት ነበር።

“ረሳሁት” አለች።

መርሳት ስህተት ነው። የለምኒቱ እጆች በልማድ ወደ ላይ ተነሱ፣ ለማጨብጨብ ተቃረቡ። ከዚያ የሹክታን ፊት አየች። ሹክታም ጠበቀች፤ ያን ቀን ከማንም ያልፈለገችውን ያህል ያቺን ይደገም የምትል አንዲት ቃል ፈለገቻት።

ልጅቱ እጆቿን ቀስ አድርጋ አወረደችና ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዓይኗን ሹክታ ላይ ተክላ አየቻት። እናቷ እስክትመጣ ድረስ ሁለቱም እንደዚያው ዝም ብለው ተቀመጡ።